ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ

(ስለ አረንጓዴው እንክብል፣ ስለ ፍሎራይድና ስለ ብረታ ብረት መርዝ በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በካዛንቺስ የኖረ ወይም በዚያ ባሉት መሥሪያ ቤቶች የሠራ ሰው የሠፈሩን ስም አመጣጥ ሳይሰማ አልቀረም። ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ ለመንግሥታቸው ሠራተኞች መኖሪያ የሚሆኑ ቤቶች በዚያ ሠርተው ነበርና፣ የቤቶቹ መጠሪያ በሕዝቡ አንደበት ተለሳልሶ «ካዛንቺስ» ሆኖ ቀረ። እንግዲህ የመንግሥት ሠራተኛን ኪስና ቤተሰብ ስለሚነካ ነገር ለመናገር ሲታሰብ፣ ከዚሁ ሠፈር መነሣት ተገቢ ይመስለኛል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ በመዝገብ ቤት ኀላፊነት ረጅም ዘመን ያገለገሉ አንድ ወዳጄ ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ በእግራችን ስንወርድ ከኮታቸው ኪስ አንዲት ጠርሙስ አውጥተው አሳዩኝ። በውስጧ ጥቁር አረንጓዴ መልክ ያላቸው እንክብሎች ነበሩ። ከውጭ አገር የመጡ ሲሆን፣ ዋጋቸው የወር ደመወዛቸውን ሩብ ያህል እንደ ወሰደ ነገሩኝ። በጠርሙሷ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ እንክብሉ ከውኃ አልጌ የተሠራ መሆኑን፣ ፍሎራይድን፣ እርሳስን፣ ባዚቃንና ይህን የመሰለውን መርዝ ሁሉ ከሰውነት ጠርጎ የሚያወጣ መሆኑን ይናገራል።

ወዳጄ ይህን ያህል ገንዘብ ያወጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። በወጣትነታቸው ዘመን በስምጥ ሸለቆ ከሚገኙት ከተሞች ባንዲቱ ተመድበው ሰባት ዓመት ሠርተዋል። የበኵር ልጃቸው የተወለደውና ያደገው በዚያ ነው። ልጁ ዛሬ ጐልማሳ ቢሆንም፣ ጥርሱ በልጅነቱ በልዞ ቡናማ ሆኖ ስለ ቀረ፣ ሲሥቅ አፉን በመዳፉ የመሸፈን ልማድ አለው። አሁን ደግሞ ታናሽ ወንድማቸው በዚያው አገር ሥራ ይዞ፣ የአንድ ዓመት ሴት ልጅ አለችው። «የልጄን ያየሁ ሰው የወንድሜ ልጅ ጥርስ ሲበላሽ ዝም ብዬ ማየት አይሆንልኝም። ለመሆኑ ወንድሜ፣ ይህ እንክብል እውነት ይረዳልን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ንግግር ለዚህ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ ነው።

በመጀመሪያ አልጌ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አንዳንድ መጻሕፍት ዋቅላሚ የሚሉት አልጌ፣ በኩሬና በሐይቅ ላይ እንደ አረንጓዴ ሽፋን ተንሳፍፎ የምናየው፣ ሥርና ግንድ የሌለው፣ ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅ ፍጥረት ነው። ዓይነቱ እጅግ ብዙ ነው። ከነዚህ መካከል በገበያ ስሙ የገነነው ስፒሩሊና የሚባለው ሲሆን፣ በጥብቅ ሲመረመር ከባክቴሪያ ወገን የሚቈጠር፣ በአጕሊ መነጽር ሲታይ እንደ ሽቦ የተጠማዘዘ ረቂቅ ነገር ነው።

ይህ ነገር ለሰው ልጅ ምግብ መሆኑ አዲስ ግኝት አይደለም። በቻድ ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩት የካኔምቡ ሴቶች ስፒሩሊናን ከውኃው አጥልለው፣ በአሸዋ ላይ አድርቀው፣ እንደ ቂጣ ቈራርሰው በወጥ ያቀርቡታል። የሜክሲኮ ጥንታውያን ሕዝቦችም ከቴክስኮኮ ሐይቅ ይህንኑ የመሰለ ምግብ ያወጡ ነበር። ሲደርቅ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን ነው። ስለዚህ በንጹሕ ስፍራ የበቀለ ስፒሩሊና ደኅና ምግብ መሆኑን የሚክድ የለም። ክርክሩ ያለው «ምግብ ነው» ከሚለው ተነሥቶ «የመርዝ ማርከሻ ነው» ወደሚለው ሲዘለል ነው።

አገራችንም በዚህ ረገድ ባለጸጋ ናት። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚገኘው የአረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ረቂቅ ፍጥረት ቀለም ነው። በሻላ ሐይቅ አጠገብ ያለው ትንሹ የጪቱ ሐይቅም በስፒሩሊና የታወቀ ሲሆን፣ ፍላሚንጎ የሚባሉት ቀያይ ወፎች በመንጋ የሚወርዱበት ይህንኑ ለመመገብ ነው። ነገር ግን አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። እነዚህ የስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቆች፣ ሻላም ጪቱም፣ በፍሎራይድ እጅግ የበለጸጉ ናቸው፤ በሊትር ከ100 ሚሊግራም በላይ ይገኝባቸዋል። ስፒሩሊና በዚህ ውኃ ውስጥ ተመችቶት ይራባል፤ ሐይቁን ግን ከፍሎራይድ ሊያጠራው አልቻለም። በሺህ የሚቈጠር ዘመን ሐይቁን ያላጠራ ፍጥረት በጥቂት እንክብል የሰውን አጥንት ያጠራል ብሎ ከማመን በፊት፣ ጥቂት መመርመር ይገባል።

አሁን ወደ ብረታ ብረቱ እንለፍ። አልጌ እርሳስን፣ ካድሚየምንና እነዚህን የመሰሉትን ይዞ የማስቀረት ኀይል አለው ሲባል ሐሰት አይደለም። በአልጌ ሕዋስ ግድግዳ ላይ አሉታዊ ሙል ያላቸው ነጥቦች አሉ። በውኃ ውስጥ የሟሙ ብረቶች ደግሞ አዎንታዊ ሙል አላቸውና ሁለቱ ይሳሳባሉ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከቡናማ የባሕር አልጌ የሚወጣው አልጂኔት ስትሮንሽየም የተባለው ብረት ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ እንደሚቀንስ በእንስሳት ላይ ሠርተው አሳይተዋል። ያ ዘመን የአቶም ቦምብ ሙከራ አቧራ ዓለምን ያሳሰበበት ዘመን ስለ ነበረ፣ ጥናቱ ብዙ ትኵረት አገኘ።

ነገር ግን ይህ የሚሆነው በአንጀት ውስጥ ነው። ቀድሞ ወደ ደም የገባ፣ ከዚያም አልፎ በአጥንት ውስጥ የተቀመጠ እርሳስ፣ በአንጀት ውስጥ በሚያልፍ እንክብል ተስቦ ይወጣል ማለት ሌላ ነገር ነው። እርሳስ በብዛት ወደ ሰውነቱ የገባ ሰው ሲገኝ፣ ሐኪሞች በሆስፒታል ውስጥ ደሙን እየመረመሩ የሚሰጧቸው የታወቁ መድኃኒቶች አሉ። አልጌ ከነዚህ መካከል አይቈጠርም።

በሰው ላይ ከተደረጉት ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በባንግላዴሽ የተደረገውና በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 የታተመው ነው። በዚያ አገር አያሌ የጕድጓድ ውኃዎች አርሴኒክ የተባለ መርዝ አለባቸው። ተመራማሪዎቹ በዚህ መርዝ ቆዳቸው የተጐዳ 41 ሕሙማንን ለሁለት ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን የስፒሩሊና ጭማቂ ከዚንክ ጋር፣ ለሁለተኛው ወገን መድኃኒትነት የሌለው አምሳያ ለ16 ሳምንት ሰጡ። ስፒሩሊናና ዚንክ የወሰዱት በቆዳቸውም በጠጕራቸውም የተሻለ ውጤት አሳዩ። ይህ ተስፋ የሚሰጥ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ሕሙማኑ ጥቂት ናቸው፤ ስፒሩሊናው ከዚንክ ጋር ስለ ተቀላቀለ የአንዱን ውለታ ከሌላው ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ከሁሉም በላይ፣ ተመራማሪዎቹ ለሁሉም ሕሙማን በየቤታቸው ማጣሪያ አቁመው ንጹሕ ውኃ ሰጥተዋቸዋል። እንክብሉን የሚሸጠው ሰው ስለ ጭማቂው ሲናገር፣ ስለ ማጣሪያው ግን ዝም ይላል።

ክቡራን አድማጮች፤ የፍሎራይድ ነገር ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። ፍሎራይድ ብረት አይደለም። በውኃ ውስጥ ሲሟሟ የሚይዘው ሙል እንደ ብረቶቹ አዎንታዊ ሳይሆን አሉታዊ ነው። ስለዚህ እርሳስን የሚስበው የአልጌ ግድግዳ ፍሎራይድን በዚያው መንገድ አይስበውም። በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ስፒሩሊና ፍሎራይድ የሚያደርሰውን ጕዳት በመጠኑ እንደሚያቀል የሚናገሩ ጽሑፎች አሉ። ነገር ግን በስምጥ ሸለቆ ያለ ሕፃን በስፒሩሊና ምክንያት ጥርሱ ከመበለዝ መዳኑን ያረጋገጠ ጥናት የለም።

ፍሎራይድ በጥቂቱ ሲገኝ ጥርስን ከመቦርቦር ይጠብቃል፤ ሲበዛ ግን ይጐዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ ሲያልፍ የሚያድጉ ሕፃናት ጥርስ መበለዝ ይጀምራል። ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ሲደርስና ለብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንት ይነካል። ከ10 ሚሊግራም በላይ ሲሆን ደግሞ ከዓመታት በኋላ የጀርባ አጥንትና መገጣጠሚያዎች ደርቀው ሰውን እስከ ማጕበጥ ሊያደርሱት ይችላሉ።

ይህ በመጽሐፍ ብቻ የሚነበብ ነገር አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍል ብዙ ሠራተኛ ወደዚያ ጐረፈ። የጕድጓዱን ውኃ ከአሥር ዓመት በላይ የጠጡት ሠራተኞች ወገብና አንገታቸው እየደረቀ መሄዱ ውሎ አድሮ ታወቀ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ በስምጥ ሸለቆ ተወልደው ካደጉት ከተመረመሩ ሕፃናት ከመቶ 80 በሚበልጡት ላይ የጥርስ መበለዝ እንደ ተገኘ ገለጹ። የወዳጄም ልጅ ከነዚህ የሚቈጠር ነው።

ለምን በስምጥ ሸለቆ? ቢባል፣ ምክንያቱ ከመሬቱ ነው። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ ይዟል፤ ከሥር የሚመጣው ሙቀት ድንጋዩን ያሟሟዋል። ካልሲየም የሚገኝበት ውኃ ቢሆን ኖሮ ካልሲየሙ ፍሎራይዱን ይዞ ወደ ታች ያዘቅጠው ነበር። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ግን ሶዳው ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ስለ ሆነ ፍሎራይዱ ሟምቶ ይቀራል። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የአዲስ አበባ ነዋሪ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የሚመጣው የዝናም ውኃ ስለ ሆነ ፍሎራይዱ ጥቂት ነው። ከካዛንቺስ በታች ያለው ፍል ውኃ ግን ከጥልቅ የሚወጣ ነውና፣ በፍል ውኃ መታጠብ ሌላ፣ እርሱን የዘወትር መጠጥ ማድረግ ሌላ መሆኑን ማወቅ ይገባል። እንግዲህ የካዛንቺስና የቂርቆስ ሰው ፍሎራይድን ፈርቶ እንክብል ቢገዛ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ይሆንበታል። ሊያሳስበው የሚገባው ይልቁንም የብረታ ብረቱ ነገር ነው።

እርሳስ ወደ ከተማ ሰው ቤት የሚገባው በታወቁ በሮች ነው። አንደኛው በር ቀለም ነው። በ2010 ዓ.ም. በወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀባ አሮጌ በርና መስኮት ግን ሲላጥ አቧራው በሕፃናት እጅና አፍ ይገባል። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሷል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ወለልን በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ይሻላል። ሁለተኛው በር የመኪና ባትሪ የሚጠገንበትና የሚቀልጥበት ስፍራ ነው፤ በዚያ የሚሠራ አባት የሥራ ልብሱን ሳይለውጥ ልጁን ቢያቅፍ መርዙን ይዞለት ይገባል። ሕፃናት ከሚውጡት እርሳስ ወደ ደማቸው የሚገባው ከአዋቂው አራትና አምስት እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጕዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ አስታውቋል።

ሦስተኛው በር አትክልት ነው። የአቃቂ ወንዝ ገባሮች የፋብሪካና የጋራዥ ቆሻሻ ይዘው ስለሚወርዱ፣ በቄራና በፒኮክ አካባቢ በዚህ ውኃ ይለማ የነበረው ቅጠላ ቅጠል ተመርምሮ ብረታ ብረት ተገኝቶበታል። ወደ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት ማጠብ አያወጣውም፤ ስለዚህ ጎመንና ሰላጣ ስንገዛ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አሁን ወደ ወዳጄ ጠርሙስ እንመለስ። አልጌ ብረትን የመሳብ ጠባይ አለው ብለናል። ይኸው ጠባዩ በሁለት በኩል የተሳለ ቢላዋ ነው። በቆሸሸ ውኃ የበቀለ አልጌ መርዙን ስቦ ይዞ ወደ ጠርሙስ ይገባል። በልዩ ልዩ አገሮች በተመረመሩ አንዳንድ የአልጌ እንክብሎች ውስጥ እርሳስና አርሴኒክ ተገኝተዋል። ሂጂኪ የተባለው የባሕር አልጌ አርሴኒኩ ስለ በዛ፣ የእንግሊዝ የምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 ሕዝቡ እንዳይበላው መክሯል። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት ደግሞ ከሐይቅ በሚለቀም ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ውስጥ ጕበትን የሚጐዳ መርዝ ስለ ተገኘ፣ በ1997 የመጠን ወሰን ተደርጎለታል። ከባሕር የሚመጣው ቡናማ አልጌ አዮዲኑ እጅግ የበዛ ስለ ሆነ የአንገት ዕጢን ያውካል። በአገራችን አዮዲን በጨው ውስጥ እንዲጨመር በሕግ ከታዘዘ ወዲህ ይህን ፍለጋ ወደ ባሕር አልጌ መሄድ አያስፈልግም። ጠርሙሱን የሚገዛ ሰውም ቢያንስ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ሊጠይቅ ይገባዋል። ለሕፃን ደግሞ ያለ ሐኪም ፈቃድ መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

ሌላም ማወቅ የሚገባን አለ። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ከተሠራ በኋላ ሕይወት ያለው ሕዋስ የለውም። ስለዚህ አንድ ጊዜ የበለዘ ጥርስ በማናቸውም እንክብል ተመልሶ አይነጣም፤ ሊረዳው የሚችለው የጥርስ ሐኪም እጅ ነው። ጥርሱ የሚጠበቀው ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ፣ ይኸውም ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። የወዳጄ የወንድም ልጅ አንድ ዓመቷ ነውና ጊዜው አላለፈም፤ ግን እያለፈ ነው። በእንክብል ተስፋ የሚባክን እያንዳንዱ ወር ከዚያ ጊዜ የሚቀነስ ነው።

እንግዲህ የሚረዳው ምንድን ነው? የመጀመሪያውና ዋነኛው ውኃውን መለወጥ ነው። ውኃ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ ይጠናል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚጠራቀም የዝናም ውኃ ግን ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያውን ዝናም ጣሪያውን እንዲያጥብ ለቅቆ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በንጹሕ ታንከር ማጠራቀም ነው። በህንድ አገር የናልጎንዳ ዘዴ የተባለው በአለምና በኖራ ፍሎራይዱን ያዘቅጠዋል። በኬንያና በእኛም ስምጥ ሸለቆ የተሞከረው ሌላው ዘዴ የከብት አጥንት ከሰል ነው። አጥንት በሰውነታችን ውስጥ ፍሎራይድን እንደሚስብ፣ የአጥንት ከሰልም በማጣሪያው ውስጥ ቀድሞ ይስበዋል፤ ሲጠግብ መለወጥ አለበት። ለሕፃናት ንጹሕ ውኃ ለሁሉ ነገር ባይበቃ እንኳ፣ ለሚጠጡትና ገንፎአቸው ለሚሠራበት ይቅደም።

ሁለተኛው ምግብ ነው። በልባችሁ ያዙልኝ ያልኋችሁ የካልሲየም ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ካልሲየም በመሬት ውስጥ ፍሎራይድን ይዞ እንደሚያዘቅጠው ሁሉ፣ በአንጀት ውስጥም ይዞት ከሰውነት እንዲወጣ ያደርጋል። በስምጥ ሸለቆ በሚኖሩ ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የእንቍላል ቅርፊት ተፈጭቶ ለ6 ወር በምግብ ቢሰጣቸው በሽንታቸው የሚገኘው ፍሎራይድ መቀነሱ ታይቷል፤ ይኸውም ወደ ደማቸው የሚገባው ቀነሰ ማለት ነው። ከውጭ በውድ ዋጋ ከሚመጣው እንክብል ይልቅ በየጓሮአችን የምንጥለው ቅርፊት የተሻለ ማስረጃ ማግኘቱን ልብ በሉ። ቅርፊቱ ግን በሚገባ ታጥቦ፣ ፈልቶና ደቅቆ፣ መጠኑም በጤና ባለሙያ ምክር መሆን አለበት። ወተትና አይብ፣ በጾም ወራት ደግሞ ጤፍ፣ ሰሊጥና ከንጹሕ ማሳ የመጣ ጎመን ካልሲየም ይሰጣሉ። ካልሲየምና ብረት ያልጐደለበት ሰውነት እርሳስንም በቀላሉ አያስገባም። ጠግቦ የበላ ሕፃን ከተራበው ይልቅ ለዚህ ሁሉ መርዝ የጠና ነው።

ይህም ቢሆን ምግብ የውኃን ቦታ አይተካም። ካልሲየም የሚገባውን ይቀንሳል እንጂ አይዘጋም። አባቶቻችን «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ያሉት ለዚህ ጉዳይ የተባለ ይመስላል። የመርዙ ምንጭ ተከፍቶ ሳለ በማርከሻ ብቻ መድከም፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለሉን እንደ ማድረቅ ነው።

ይህንኑ ለወዳጄ በነገርኋቸው ጊዜ ጠርሙሷን እያገላበጡ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «ለልጄ ይህን የነገረኝ ባገኝ ኖሮ» ብለው ሳይጨርሱት ተዉት። በማግሥቱ ለወንድማቸው ስልክ ደውለው፣ የሚጠጡት ውኃ ተመርምሮ መጠኑ እንዲታወቅ፣ በጣሪያውም ሥር አሸንዳ እንዲሠራ አሳሰቡ። ለሚቀጥለው ጠርሙስ ያስቀመጡትን ገንዘብ ለታንከር መግዣ ላኩት።

ክቡራን አድማጮች፤ ከእናንተም መካከል ነገ ወደ መተሐራ፣ ወደ ባቱ ወይም ወደ ሌላው የስምጥ ሸለቆ ከተማ የዝውውር ደብዳቤ የሚደርሳችሁ ትኖራላችሁ። ዕቃ ስትጭኑ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ትምህርት ቤት ስትጠይቁ፣ አብራችሁ «ውኃው ስንት ሚሊግራም ፍሎራይድ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህች አንዲት ጥያቄ ልጆቻችሁ አፋቸውን ሳይሸፍኑ እንዲሥቁ ልታደርግ ትችላለችና።